ስድስቱ የጳጉሜ ቀኖች፦ አልፕስን በእግር ያቋረጥንበት ጉዞ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ አይፈራም። እኛም አልፈራንም። እኔ፣ ታናሽ እህቴና የአክስታችን ልጅ ከጀርመን ተነስተን በኦስትሪያ በኩል ጣሊያን ድረስ በእግር ልንሄድ ስንወስን መጀመሪያ ያየነው የካርታውን ቁጥሮች ነው። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ 1,844 ሜትር ላይ ነው። የሁለተኛው 2,242 ሜትር። ተወልደን ያደግንበት ሰፈር ከሁለቱም ይበልጣል። የመጨረሻው ትልቅ ዳገት የሚያልቀው 3,019 ሜትር ላይ ነው። እንጦጦን ደግሞ በልጅነታችን ስንወጣው ነው ያደግነው።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚከብደው?» አለ የአክስቴ ልጅ።

መልሱን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው።

መንገዱ ኢ 5 ይባላል። ከፈረንሳይ የአትላንቲክ ዳርቻ ተነስቶ ጣሊያን ቬሮና የሚደርስ ረጅም የእግር መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚሄደው ግን አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ከደቡብ ጀርመኗ ኦበርስትዶርፍ እስከ ጣሊያኗ ሜራን። ስድስት ቀን ይፈጃል። ወቅቱ ዘመነ ሉቃስ፣ የ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ቀን ያላት በአራት ዓመት አንዴ ነውና እህቴ «ጳጉሜን በሙሉ እንሂድና ለእንቁጣጣሽ እንመለስ» አለች። በዚሁ ተስማማን። የተራራ ማደሪያዎቹን በአውሮፓ ክረምት ቀድመን ያዝን። የጀርመን አልፓይን ማኅበር አባል ሆንን፤ ለአባል ማደሪያው ይረክሳል፣ ለአደጋ ጊዜ መድንም አለው። ከሦስታችን ከአንድ ቀን በላይ ተራራ ላይ የሄደ ሰው አልነበረም።

ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር። በዚህ አንድም ቀን አልተጸጸትንም።

ጳጉሜ 1፣ ረቡዕ

ከሙኒክ ኦበርስትዶርፍ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በትንሽ አውቶቡስ ሽፒልማንሳው የምትባል የሸለቆ መጨረሻ ደረስን። አስፋልቱ እዚያ ያልቃል። ላሞች አንገታቸው ላይ ትልልቅ ቃጭል አድርገው ይግጣሉ። ቃጭሉ ሲንኳኳ ሸለቆው በሙሉ ይሰማል።

ዳገቱ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የምለው ቢጫው ምልክት የሚለውን ነው። እዚህ አገር የመንገድ ምልክት ኪሎ ሜትር አይናገርም፤ ሰዓት ነው የሚናገረው። እንደኛ ገጠር ማለት ነው። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ሳይሆን «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ስሌቱም ቀላል ነው፤ በሰዓት 300 ሜትር ወደ ላይ፣ 500 ሜትር ወደ ታች፣ ሜዳ ላይ አራት ኪሎ ሜትር። እኛ በሦስት ሰዓት ከሩብ ገባን። ኮራን።

ማደሪያው ኬምፕትነር ሁተ ይባላል። «ሁተ» ጎጆ ማለት ነው፤ ይሄኛው ግን መቶዎችን የሚያሳድር ትልቅ ቤት ነው። ሥርዓቱን መማር ነበረብን። ጫማ በር ላይ ባለው የጫማ ክፍል ይቀራል። የሚታደረው በየራስ ስስ የአንሶላ ከረጢት ውስጥ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። አንድ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። ጀርመኖች ከ1,000 ሜትር በላይ «እርስዎ» አይባባሉም ይባላል። እውነት ነው። ሙኒክ ውስጥ አሥር ዓመት ጎረቤቴ ሆነው «እርስዎ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እዚህ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ «አንተ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ አንድ ፂማም።

እህቴ ረቡዕ ትጾማለች። የማታው ምግብ አይብ የተትረፈረፈበት የሊጥ ወጥ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ አስረዳች። ሴትዮዋ ምንም ሳትል የምስር ሾርባና ዳቦ አመጣችላት።

ጳጉሜ 2፣ ሐሙስ

ከማደሪያው ግማሽ ሰዓት ወጥተን ሜደለዮኽ የሚባለው የተራራ በር ላይ ደረስን። «ዮኽ» የሚሉት እኛ ጣርማ በር፣ ሊማሊሞ በር እንደምንለው ነው፤ ተራራ ለሰው የሚከፍተው በር። አንድ ምልክት ቆሟል። ከወዲህ ጀርመን፣ ከወዲያ ኦስትሪያ። ጠባቂ የለም። የአክስቴ ልጅ ብዙ ድንበር አልፎ ነው አውሮፓ የገባው። አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንድ እግሩን ወዲያ አድርጎ ትንሽ ቆመ። ፎቶ ላንሳህ አላልኩትም።

ከዚያ ወደ ሆልዝጋው ወረድን። ከመንደሩ በላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፤ ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ከገደሉ ከፍታው 110 ሜትር። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ይወዛወዛል። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ነው የተሻገረችው። ይህን ያነሳሁት በአምስተኛው ቀን ስለሚመለስ ነው።

ብዙ ሰው ከሆልዝጋው ማዳው ሸለቆ ውስጥ ድረስ በታክሲ ይሄዳል። እኛም እንደዚያ አደረግን። አለዚያ በመኪና መንገድ ላይ ሰዓታት ነው። ሸለቆው መጨረሻ ላይ የዕቃ ማመላለሻ ገመድ አለ፤ ለማደሪያው ድንችና ቢራ የሚወጣበት። ትንሽ ከተከፈለ ቦርሳ ይወስዳል። እህቴ ላከች። እኔና የአክስቴ ልጅ «እንችላለን» ብለን ተሸከምን። ዘጠኝ ዘጠኝ ኪሎ። ዛሬ ቢሆን እልከው ነበር፤ ጀማሪ ጉልበቱን ለነገ ማስቀመጥ አለበት።

ሜሚንገር ሁተ ሣር በለበሰ ጉድጓድ መሬት ውስጥ፣ ከሐይቅ አጠገብ ነው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ። እኛም ተከተልን። ገደሉ ላይ ስምንት የሚሆኑ ቀንዳም እንስሳት ቆመዋል።

«ዋልያ!» አለች እህቴ።

ዋልያ አይደሉም፤ ዘመዶቹ ናቸው። የአልፕስ ዋልያ እንበላቸው። ቀንዳቸው ያው ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። አቋቋማቸውም ያው፣ ሰው እጁን ከማያሳርፍበት ድንጋይ ላይ አራት እግራቸውን ሰብስበው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነሱም ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። የቀሩት ጣሊያን ውስጥ ግራን ፓራዲሶ የሚባል ተራራ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ተጠብቀው፣ ተባዝተው፣ ወደየተራራው ተመለሱ። ዛሬ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። የእኛው ዋልያ አሁንም ስሜን ላይ ብቻ ነው ያለው። ብርዱ እስኪያንቀጠቅጠን ድረስ እያየናቸው ቆየን። ጀርመኖቹ ስለ ስሜን ሲጠይቁን እህቴ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አዞረችላቸው። ቆሎውም ያኔ ዞረ፤ ግማሹ አለቀ።

ጳጉሜ 3፣ ዓርብ

ሩፋኤል ነው። ልጅ ሳለን በዚህ ቀን ዝናብ ሲዘንብ እናታችን ራሷ ወደ ውጭ ታስወጣን ነበር። የሩፋኤል ውኃ በረከት ነው። ዛሬ ግን ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ዜሻርተ የሚባለው በር 2,599 ሜትር ላይ ነው። ከማደሪያው አንድ ሰዓት ይወስዳል። መጨረሻው ላይ ጠጠሩ ይንሸራተታል፤ በእጅ ድንጋይ መያዝም አለ። በሩ እውነትም በር ነው። በሁለት ዓለት መካከል ያለች ስንጥቅ፤ ሦስት አራት ሰው ከቆመባት ትሞላለች። ትንፋሻችን ደህና ነበር። እዚህ ላይ ያደግንበት ከፍታ ጠቅሞናል ብዬ አምናለሁ፤ ከዝቅተኛ አገር የመጡት ሲያለከልኩ እኛ እናወራ ነበር።

ከዚያ ወደ ታች አየን። ሳምስ የምትባለው ከተማ የምትገኘው ወደ 770 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከ1,800 ሜትር በላይ ቁልቁለት። በአንድ ቀን።

ዳገት ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ቢደክምህ ቆም ትላለህ፣ ትንፋሽህ ይመለሳል። ቁልቁለት ግን ከጉልበት ነው የሚበደረው። ቆም ብትል አይመለስም። መጀመሪያ ላይ እየሮጥን ወረድን። የአክስቴ ልጅ በልጅነቱ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ከፊታችን ሄደ። ኦበርሎኽ አልም የሚባለው የከብት ጠባቂዎች ቤት ስንደርስ፣ ገና ግማሽ መንገድ ሳንጨርስ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ጉልበቱን ሲያሸት አገኘነው።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ደህና አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። ጫማዬን ሳወልቅ ተረከዜ ውኃ ቋጥሯል፤ የግራው ፈንድቶ ካልሲው ላይ ተጣብቋል። ጫማው አዲስ ነበር። ከተማ ውስጥ ሁለት ሳምንት አድርጌዋለሁ፤ ግን ቁልቁለት አላሳየሁትም። በቁልቁለት እግር ጫማ ውስጥ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም።

እህቴ ነርስ ናት። ካልሲውን በጅረቱ ውኃ አርሳ ቀስ ብላ ላጠችው። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ተረከዜን አጥባ፣ ፕላስተር ለጥፋ ስትጨርስ በመዳፏ ከጅረቱ ጨለፈችና ፊቷን ታበሰች። ለእኔም ግንባሬ ላይ አፈሰሰችልኝ።

«ሩፋኤል እኮ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ካለችኝ ቆይታለች። ሙኒክ ውስጥ በስሜ ነው የምትጠራኝ።

ከኬምፕትነር ጀምሮ በየማደሪያው የምናገኛቸው አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ከነባለቤታቸው ደረሱ። ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል። የአክስቴን ልጅ ጉልበት አዩና ምርኩዙን ተቀበሉት። አንድ ጋት አስረዘሙለት። «ወደ ላይ አጭር፣ ወደ ታች ረጅም» አሉ። ከዚያ ራሳቸው አሳዩት። እርምጃቸው የሕፃን እርምጃ ታክላለች። ጉልበታቸው ሁልጊዜ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ነው። ምርኩዙ መጀመሪያ፣ እግር በኋላ። ሲሄዱ ድምፅ የለም። የእኛ ጫማ ሲወርድ ግን ዷ ዷ ይላል። ያ ድምፅ በሙሉ ጉልበታችን ውስጥ ነው የሚቀረው።

ቀሪውን በእሳቸው አረማመድ ወረድን። ከታች መንገዱ ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ግድግዳ። ምልክቱ የሚለውን ሰዓት ረሳነው። ሳምስ ስንገባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። የአክስቴ ልጅ የእንግዳ ማረፊያውን ደረጃ ሐዲዱን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ያን ማታ አልተናገረም። እህቴ ዓርብ መሆኑን ሳትረሳ ድንች በልታ ተኛች።

ጳጉሜ 4፣ ቅዳሜ

መንገዱ በዚህ ቀን በገመድ መኪና ቬኔት ተራራ ላይ ወጥቶ በሌላ በኩል ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። ተውነው። ቁርስ ላይ ሦስታችንም ተያየንና ውይይት እንኳ አላስፈለገም። በባቡርና በአውቶቡስ ዞረን ፒትስታል ሸለቆ ለመግባት ወሰንን።

የአክስቴ ልጅ ግን ሌላም ወሰነ። እህቴ ጉልበቱን መረመረችው። እብጠት የለም፤ የድካም ሕመም ነው፣ ዕረፍት ይፈልጋል። «እናንተ በተራራው ሂዱ። እኔ በአውቶቡስ ዞሬ ፌንት እጠብቃችኋለሁ» አለ። ፌንት በሚቀጥለው ሸለቆ ውስጥ ያለች መንደር ናት። እንዲህ ማለት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ እልህ ይዟቸው አራተኛው ቀን በሄሊኮፕተር የሚወርዱ ሰዎች አሉ። እሱ በሁለት እግሩ አውቶቡስ ውስጥ ገባ።

እኔና እህቴ ከሚተልበርግ ወደ ብራውንሽቫይገር ሁተ ወጣን፤ 1,000 ሜትር ዳገት፣ ፏፏቴ ዳር፣ አንዳንዱ ቦታ በሽቦ ገመድ። ማደሪያው 2,759 ሜትር ላይ ነው። ከሰገነቱ ላይ የበረዶ ግግሩ ፊት ለፊት ይታያል።

ጳጉሜ 5፣ እሑድ

ፒትስታለር ዮኽል 2,996 ሜትር ነው። መውጣቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከወዲያ በኩል ያለው መውረጃ ግን ገደል ነው። ዓለቱ ላይ የሽቦ ገመድ ተቸንክሯል። ሽቦውን ይዞ፣ ፊትን ወደ ዓለቱ አዙሮ ነው የሚወረደው።

እህቴ አራት እርምጃ ወረደችና ቆመች።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ዝም ብላ ቆመች። ሽቦውን የያዙት ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ከኋላችን ሰው እየተጠራቀመ ነው። «ነይ፣ ምንም የለም» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ምንም የለም ማለት ውሸት ነው፤ ከእግሯ በታች ገደል አለ። ከኋላ ላሉት «ትንሽ ጊዜ ስጡን» አልኩ። አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። ከእሷ በታች ዞሬ ወረድኩና የግራ ጫማዋን በእጄ ያዝኩት።

«ይሄን እግር ነው የያዝኩት። እዚህ ጋ ነው የማስቀምጠው።»

አስቀመጥኩት።

«አሁን ቀኙን።»

እንዲህ እያልን ስንት እርምጃ እንደወረድን አላውቅም። ሃያ ይሆናል። ሽቦው ሲያልቅ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «በሶ አለ?» አለች። በክዳን ውስጥ በጥብጬ ሰጠኋት። ድልድዩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር የተሻገረችው። እዚህ ግን ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እግሯን እያየች ነው የወረደችው።

ታች ሬተንባኽ ነው። በየኦክቶበሩ የበረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ የሚከፈትበት ቦታ። ቴሌቪዥን ላይ ነጭ ነው። በሴፕቴምበር ግን ግራጫ ድንጋይና የቡልዶዘር ዱካ ነው። በረዶው ላይ ሰፋፊ ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል፤ እንዳይቀልጥ። በሽተኛ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ደስ አይልም። ቶሎ አውቶቡስ ይዘን በዋሻ ውስጥ ተሻገርን፤ ከዚያ ፀሐይ በሞላበት የተራራ ወገብ ሦስት ሰዓት ተጉዘን ፌንት ገባን።

የአክስቴ ልጅ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቀናል። ሁለት ቀን አርፎ ፊቱ ተመልሷል። እስከ ማርቲን ቡሽ ሁተ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ለስላሳ ዳገት ነው። አብሮን ወጣ።

ጳጉሜ 6፣ ሰኞ

የመንገዱ ዳር በበግ በጠጥ ተሞልቷል። ምክንያቱን ማደሪያው ውስጥ ነገሩን። የጣሊያኑ ሽናልስ ሸለቆ እረኞች በየዓመቱ በጁን በጎቻቸውን በዚህ በር አሻግረው ኦስትሪያ ውስጥ ያሰማራሉ። በሴፕቴምበር አጋማሽ ይመልሷቸዋል። በሺዎች የሚቆጠር በግ በረዶና ዓለት ላይ ይሻገራል። ልማዱ ድንበሩን ይቀድማል። ያ ሁሉ አገር ድሮ ቲሮል የሚባል አንድ ምድር ነበር፤ ደቡቡ ለጣሊያን የተሰጠው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንን ከብት የማዘዋወር ባህል በቅርስነት መዝግቦታል።

ሲሚላውን ሁተ ላይ፣ 3,019 ሜትር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደረስን። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1991 ሁለት ጀርመናውያን ባልና ሚስት ከበረዶው የወጣ ሬሳ ያገኙት። በቅርቡ የሞተ ተራራ ወጪ መስሏቸው ነበር። ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ ሰው ሆኖ ተገኘ። ኧትሲ ይሉታል። ትከሻው ውስጥ የቀስት ጫፍ አለ፤ ተወግቶ ነው የሞተው። እኔን የነካኝ ጫማው ነው። ሶሉ የድብ ቆዳ፣ ውስጡ ድርቆሽ የተጎዘጎዘበት። የተላጠ ተረከዜን ይዤ እዚያ ስቀመጥ ስለ ድርቆሹ ብዙ አሰብኩ። እሱም ብርድና መቦጨቅ ያውቃል።

ሌላም ያሰብኩት አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ከዚህ ከደቡብ ቲሮል ወጣቶችም ለዘመቻው ተመልምለዋል። ቋንቋቸው ጀርመንኛ፣ አገራቸው በግድ ጣሊያን የሆነባቸው ልጆች ነበሩ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ላለመዝመት በተራራው አቋርጠው ወደ ኦስትሪያ ሸሽተዋል። የተሻገሩባቸውን በሮች አላውቃቸውም። ግን እኛ ሦስት ሐበሾች በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሰላም፣ ከኦስትሪያ ወደዚያ አገር ልንወርድ ቆመናል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ወደ ሸለቆው አየና «ስንቱ ወጣት እንደኔ በእግሩ ድንበር አቋርጧል» አለ።

የመጨረሻው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ታች አረንጓዴ የፌርናግት ግድብ ይታያል፤ ቅርብ ይመስላል፣ አይደርስም። ምርኩዛችንን አስረዘምን። የሕፃን እርምጃ። ጉልበት እጥፍ። የአክስቴ ልጅ ከፊት ሆኖ፣ ሁላችንም በእሱ ልክ። ሌሎች እየሮጡ አለፉን። ምልክቱ የሚለውን ሰዓት በእጥፍ ጨመርንበት። ዷ ዷ የሚል ድምፅ ግን አልነበረም።

ግድቡ ዳር ስንደርስ ጫማችንን አውልቀን ሣሩ ላይ ተዘረጋን። ከዚያ በአውቶቡስ ሜራን። ሜራን ውስጥ የዘንባባ ዛፍ አለ፤ ጠዋት ውርጭ ላይ ተነስተህ ማታ ዘንባባ ሥር ትቀመጣለህ። ቦርሳው ጥግ የቀረችውን እፍኝ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስናት። እህቴ ለእናታችን ደወለች።

«ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ የት ናችሁ?»

«ጣሊያን ነን፣ እማዬ። ተራራ አቋርጠን።»

«በእግር?»

«በእግር።»

«ስንት ቀን?»

እህቴ ወደ እኛ አየች። የአክስቴ ልጅ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ስልኩ አጠገብ ጎንበስ አለ።

«ጳጉሜን በሙሉ፣ እትዬ።»